መዝገብ ቤት፣ ለገሃር

ፋይል ጠፋ፤ ስንታየሁ ተባረረ።
ደግሞ ጠፋ፤ የወይዘሮ ዘነቡ ወንበር ወደ ግምጃ ቤት ተሻገረ።
በሦስተኛው ቁልፍ ተገዛ፣ አራት ፊርማ ተጨመረ።

ዛሬ ምሳዬን ትቼ አንዱን ፋይል በእግሬ ተከተልኩት፤
ከመስኮት ሰባት ሽቅብ፣ ከኃላፊው ቢሮ ቁልቁል፤
ባቡሩ በስታዲየም በኩል ሲያልፍ በሚነዝረው መስታወት፣
አቧራው ላይ፣ መንገዱን በጣቴ ሳልኩት፦

ፊርማ ሲበዛ ጉዳይ ይጓተታል፤
ሲጓተት ባለጉዳይ ይቆጣል፤
ቁጣ የፈራ ፋይሉን መሳቢያው ውስጥ ያስተኛል፤
የተኛው «ጠፋ» ይባላል፤
ለጠፋው
ሌላ ፊርማ።

ጣቴ ዞሮ መነሻው ላይ ገጠመ።
ሌባ ፍለጋ ወጥቼ
ቀለበት ይዤ ተመለስኩ።

ሰኞ አዲስ ልጅ ይገባል፤ ምንተስኖት ይሉታል።
ጠረጴዛው ተወልውሎለታል።
የራሴን መሳቢያ ሳብኩ፤
ከሥር፣ ስንታየሁ የተባረረበት ፋይል ተኝቷል።