እርሳስ

ዊኒፔግ። ጥር ነው። ከምድር በታች ቤቴ፣
እግር ብቻ ያልፋል በጠባብ መስኮቴ፤
ቦቲ፣ የውሻ መዳፍ፣ ጨው የበላው ቆዳ፤
ፊት ወደዚህ አይወርድ፣ እንደ ሩቅ እንግዳ።
ፊት በስልክ ነው የሚመጣልኝ፣
“ይቺን ሣዪልኝ፣ ስንት ነው?” የሚለኝ።
አንድ ሰው በስልሳ፣ ውሻ በአርባ ዶላር፤
ውሻ “አፍንጫዬ ሰፋ” ብሎ አያማርር።
ቋሚ ደሞዝ የለም፣ አለቃም የለኝ፣
እርሳሱ ሲያጥር ነው ወሩ የሚያልቅልኝ።

አንድ ቀን ግን በሬ ተንኳኳ።
ዋልተር ህሪንቹክ፣ የባቡር መካኒክ የነበሩ፣
ከደረጃው ላይ በረዶ እያራገፉ፣
በብስኩት ቆርቆሮ ሚስታቸውን ይዘው መጡ፤
ክዳኑ ሲከፈት አሥራ አንድ ፎቶ ወጡ።
በአሥራ አንዱም ዶሪን ትስቃለች ጮክ ብላ፣
ጉንጯ ሽቅብ ወጥቶ ዓይኖቿን ሊበላ፤
ሐይቅ ዳር፣ ዓሣ ይዛ፣ በጣቢያው በር፣
በጎረቤት ሠርግ ላይ፣ ከኬኩ ጠረጴዛ ዳር፣
ዓይኗ ተጨፍኗል።
አሥራ አንድ ጊዜ ተጨፍኗል።

“ክፈቺልኝ” አሉ።
“አርባ አንድ ዓመት ያየኝን ዓይን ክፈቺልኝ።”

“ቀለሙስ ምን ነበር?” ብዬ ጠየቅኳቸው፣
ለልማድ ነው እንጂ፣ ለእርሳስ ምን ሊረባው።
ግድግዳዬን አዩ፣ ቆርቆሮውን አዩ፤
ሰማያዊ ሊሉ ነው፣ ቡናማ ሊሉ ነው፣
ከንፈራቸው ጫፍ ላይ ሁለቱም ጠፉባቸው።
አንገታቸው ቀላ።
“ግድ የለም” አልኩኝ፣ “እርሳስ ቀለም የለው፤
የረሱት በሙሉ እኔ ጋ ግራጫ ነው።”

ያኔ ነው የገባኝ። ፊት የሚያስቀረውን፣
ይህን ቀጭን እንጨት፣
ማን ነው ስሙን “እርሳ… ስ” ብሎ ያወጣለት?
ሲጫር ያደምጡታል፦ “እርሳ፣ እርሳ” ይላል፤
እሱ “እርሳ” ባለ ቁጥር ወረቀቱ ይይዛል።

መጀመሪያ እርሳሱን ሳልኩ፤
ከዚያ ሴትዮዋን ሳልኩ፤
ሊነጋጋ ሲል ደግሞ፣ ማሞቂያው ተበላሽቶ፣ ሳልኩ።
ለዋልተር “እርስዎ” ነኝ፣ ለዶሪን ግን “አንቺ”፤
ከሰው ሽፋሽፍት ጋር ሦስት ሌሊት ያደረ
አንቱታ አይችልም።
ፀጉሯ በራሱ መጣ። አገጯም አላስቸገረ።
ዓይን ግን ከየት ይመጣል?
ግራውን ከዳቦ ቤቱ ገንዘብ ተቀባይ ወሰድኩ፣
ሳንቲም ስትቆጥር አፍጥጬ፤
ቀኙን አውቶቡስ ላይ ከተኛች ነርስ፣
እስክትነቃ ጠብቄ፣ መውረጃዬን አልፌ።

ሐሙስ መጡ።
መነጽራቸውን ሁለት ጊዜ ጠረጉ።
“ቆንጆ ናት” አሉ። ቀጥሎ ዝም አሉ።
ማሞቂያው ሲንኳኳ ሰማን።
“ይቺ ሴት ታየኛለች” አሉ በመጨረሻ፣
“ዶሪን ግን እኔን ባየች ቁጥር ትስቅ ነበር።”
እጃቸውን ቆርቆሮው ላይ አኖሩ።
“ለካ አልረሳሁትም፤ ቀለሙን አላየሁትም ነበር።
ዝጊልኝ።”

ላጲሴን እንደ ሊጥ በጣቶቼ አሸሁ።
የሦስት ሌሊት ዓይን በሁለት ደቂቃ ሄደ፣
የነርሷም፣ የዳቦ ቤቷም፤
በቦታው ሁለት ቅስት፣ ሳቅ የሚገፋው ቆዳ።
ወረቀት ግን የተጫኑትን አይለቅም፤
ወደ መስኮቱ ዘንበል ሲያደርጉት
ከሽፋኑ ሥር ብሌኗ ተቦርቡራ ትታያለች፣
ጨፍና፣ እያየች።

ስልሳውን ከፈሉ፣ ሃያ ጨመሩበት፣
“ለመዝጊያው” አሉና።
ሥዕሉን ከኮታቸው ሥር ከነፋስ ሸሽገው ወጡ።
በመስኮቴ በኩል ጫማቸውን አየሁ፤
ቆመ። ግማሽ እርምጃ ተመለሰ። ሄደ።

ስልኬ ጮኸ።
“ሦስት ድመት፣ በአንድ ፍሬም፣ እስከ ቅዳሜ፣ ስንት?”
ስድስት ዓይን፣ ሁሉም ክፍት፣
ሁሉም እኔ ላይ።
“ድመት በውሻ ዋጋ ነው” ብዬ ጻፍኩ፣
ምላጬን እየፈለግኩ።