ጉርድ ፎቶ

ካራ፣ ታክሲ መዞሪያው ጋ፣ ከጎሚስታው ጎን ነው ቤቴ፤
አንድ በርጩማ፣ አንድ መብራት፣ ሰማያዊ መጋረጃ፣ የወረስኩት ካባቴ።
እዚህ የሚቀመጥ ሁሉ ልመናው አንድ ነው፤
«ትንሽ ቀላ አርገኝ። ይችን ጠባሳ አጥፋት። አንገቴን አቅናው።»
እሷ ግን ሻርፗን ፈታ ጉልበቷ ላይ ጣለችና
«አንዲት መስመር እንዳትነካ» አለችኝ፣ ሳትደላደል ገና።

ባንቺወሰን ቱፋ። የግል ዕጩ። ዕድሜ አርባ አንድ።
ከጆሮዋ እስከ ብብቷ፣ ቆዳዋ ጎርፍ የበላው ኮረኮንች መንገድ።

እሳቱን እኔም አይቻለሁ። መጋቢት ነው፤ ነፋስ ነበር፤
ባሕር ዛፍ ዘይታም ነው፣ መንደድ አይበቃውም፣ ይተኩሳል እንደ ጦር ሰፈር።
እኛ ከታች ሆነን ስንጮህ፣ እሷ ላይ፣ የችግኝ ጣቢያው ዘበኛ፣
ሁለት ላም ፈትታ ሰደደች፤ ቀረች ሦስተኛ።
ላሚቱ ስትበረግግ ቋጠሮው ጠበቀ።
ገመዱ ናይለን ነበር። ቀለጠ። መዳፏ ላይ ተጣበቀ።

ባሕር ዛፉ በዓመቱ ከጉቶው አቆጠቆጠ፤
የእሷ እጅ ግን ዛሬም ድረስ ያን ገመድ እንደጨበጠ።

ሰባት ወር ሆስፒታል። ፋሻ ሲፈታ የሚወጣውን ድምፅ አልነገረችኝም፤
«አጠገቤ የተኛችው ትንገርህ» አለች። ቆይታ፦ «እሷም አሁን የለችም።»

ማሳከኩ የሚመጣው ቁስሉ ሲደርቅ ነው፣ ሌሊት።
አንድ ዘመድ ከሻሸመኔ ላከላት፣ በሽሮፕ ጠርሙስ፣ ጥቁር ዘይት፤
ከዕፀ ፋሪስ የተጨመቀ፣ ሰፈሩ ጋንጃ የሚለው።
«ዶሮ ሲጮህ ያልሰማሁት» አለች፣ «ከእሳቱ ወዲህ ያን ቀን ነው።»

ጠርሙሱ ሳያልቅ ፖሊስ መጣ።
መርማሪው ጣቷን ቀለም ነክሮ ወረቀት ላይ ቢጫን፣ መስመር አልወጣ።
ደግሞ ነከረ። አሥሩም ጣት ጥቁር ነጠብጣብ፣ ያለ ምስክር።
«ሴትዮ፣ ማን ብዬ ልክሰስሽ?» አለ። እሱ ጨነቀው፤ እሷ ትስቅ ጀመር።

ሳቁ አላዳናትም። ዘጠኝ ወር ቃሊቲ። ንግግር የተማረች እዚያ ነው፤
አንዷ በእናቷ ካንሰር፣ አንዷ የሰው ቦርሳ ይዛ የገቡ ሴቶችን
ማመልከቻ ስትጽፍ፣ እርሳሱን በጨርቅ ከእጇ ጋር አስራው።

ምልክት ምረጪ ሲሏት «ቅጠል» አለች፤ አይሆንም ተባለ፤
«የቀረው ጀሪካን ነው።» ጀሪካን!
«ያኔ የጠፋውማ እሱ» አለች፣ «ተራራው እየነደደ ሳለ።»

ለፊርማ በየበሩ ስትዞር አንዱ ውሻ ፈታባት፤
አንዲት ባልቴት ካልሲያቸውን አውልቀው
ስኳር የበላውን እግር ዝም ብለው አሳዩዋት።
ፈረሙ።

የገበያ ቀን በተዋሰችው ሜጋፎን የጮኸችው ይሄን ነው፦
«አጭሱ አላልኩም። የታመመ ሰው በር ሲያንኳኳ
ከሐኪም በፊት ፖሊስ አይክፈተው።»

እኔ? ልቤ አልሞላም። ታናሽ ወንድሜ ትምህርቱን የጣለ በዚያው ቅጠል ነው።
ነገርኳት። መሀላችን የቆመውን ካሜራ ረጅም ጊዜ አየችው።
«ታሰረ?»
«ዓመት ከመንፈቅ።»
«ከዚያስ ተወው?»
ዝም አልኩ። መብራቱን ወደ ግራ አዞርኩት፣ ምንም ሳያስፈልገው።

አነሳኋት።

ማታ ከማተሚያ ቤት ተደወለ፦ «የላክኸው ምስል አንገቱ ጋ ተበላሽቷል፤
ላጽዳው?» ከኋላው የማሽኑ ኳኳታ ይሰማል።
«ተወው፣ እንደዚያው ነው።»
«አጉል ሆኖ ይወጣል እኮ፣ በኋላ እንዳትወቅሰኝ።»
ስልኩን ዘግቼ አውራ ጣቴን መብራት ስር አየሁት፤
መስመሩ ሁሉ ቦታው አለ፣ አንድም አልጎደለኝ፤
ማንን እንደምመርጥ ግን
እስካሁን አልነገረኝ።