ሁለት ጊዜ የተሰጣት

ሚያዝያ ነው አይዳሆ፤ የጄኔሲ ስንዴ ገና ሣር ነው፤
የአርቪድን ቦት ጫማ ጭቃ እያወለቀው፣
በረት ደርሰን ፋኖስ ከሚስማር ሰቀልነው።
«ጡቷ ሰም አውጥቷል፤ ዛሬ አንተኛም እኛ»
ብሎ ባልዲ ገልብጦ ቁጭ፣ እንደ ሸንጎ ዳኛ።

እናት ዳማ ናት፣ ዳሌዋ ላይ በረዶ የጣለባት፣
በረዶውን ደግሞ ሰው በከሰል ጣት የነካካባት።
አባት ጉራቻ ነው፣ ሌሊት የመሰለ፣
ፈንዲሻ ተበትኖበት ሳይለቀም የዋለ።

የአርቪድ አባት፣ ነፍሱን ይማረውና፣
«ባዝራ ያየችውን ትወልዳለች» ባይ ነበርና፣
አጥሩን በኖራ ጠብታ አዥጎርጉሮ፣
አንድ በጋ ሙሉ ፊቱ አቆማት፣ በአጃ አባብሎ፣ አስሮ።
ውርንጭላው መጣ፤ ጥርት ያለ ዳማ፣ ያለ አንዲት ነጥብ፤
ዥጉርጉር ሆኖ የቀረው አጥሩ ነው፤ ዛሬም አይለቅ በዝናብ።

ቀለም አጥር አያይም። ቀለም ዕጣ ነው፣ በጨለማ የሚጣል፤
እናት ከሁለት አንዱን፣ አባትም ከሁለት አንዱን ይሰጣል።
አንዱ ብቻ ከደረሰው ውርንጭላው ይዥጎረጎራል፤
ምንም ካልደረሰው እንደ ማንም ፈረስ ያድራል።
ሁለቱም ከሰጡስ?
አርቪድ ገለባ ያኝካል።

ጎህ ሳይቀድ መጣች። ወተት። አምባላይ።
ሦስት ጠቃጠቆ ብቻ፣ ሦስቱም ከጉልበቷ በላይ፤
ሰኮናዋ ባለ መስመር፣ እንደ ሐብሐብ ልጣጭ፣
ዓይኗም እንደ ሰው ዓይን፣ ዙሪያው ነጭ።
«እንዲህ ያለ ቁንጅና!» አልኩ እኔ።
እሱ ዝም።

በሦስተኛው ሌሊት ፋኖሱን እፍ አለ።
እናት ወደ ገንዳው ሄደች፣ በጨለማው አንድም ሳትስት፤
ልጅ ተከተለች፤ ግድግዳ ገጨች፤ ቆመች፤ ግራ ገባት።
«ሁለቱም ሰጧት» አለኝ። «አንዱ ቢሰጥ ጌጥ ነበረ፤
ሁለት ጊዜ የተሰጠው ግን ሌሊቱን ከፍሎ ቀረ።»

ፀጉሯን ለላቦራቶሪ ልኬ ነበር፤ መልሱ በፖስታ መጣ፤
አርቪድ ሳይከፍት አጥፎ የመጋዘኑን በር ሸበለቀበት፣ እንዳይንጓጓ።
የምትወልዳቸው ሁሉ ዥጉርጉር ናቸው፤ አንድም አይቀር፤
እሷ ግን የልጆቿን ነጥብ የምታየው ፀሐይ ስትኖር።

ከትራክተሩ ሳጥን የዛገ ቃጭል አወጣና
ከእናቷ አንገት አሰረው፤ ቋጠሮውን ሁለቴ ሳበና
ተመልሶ ተኛ።
ሌሊት መስኮቴን ስከፍት ቃጭሉ ኮረብታውን ይወጣል፤
ከኋላው፣ ትንሽ ዘግየት ብሎ፣ የትንሽ ሰኮና ድምፅ ይመጣል።