የመሃል ሜዳ ጭቃ

ጋዜጣው የሚጽፈው ጎል ያገባውን፤
እኔ የማነበው ጭቃ የጻፈውን።
ሠላሳ አንድ ዓመት፣ በፋይፍ ጠረፍ፣
ከተመልካቹ ሥር፣ ከቦይለሩ ደጃፍ፣
ማልያ ሳጥብ ኖርኩ፤ ሴንጋ ነው ስሜ፤
አንድ ጨዋታ አላየሁ ከዳር ቆሜ።

የበረኛ ጭቃ ክርኑን ነው የሚወድ፤
የመስመሩ ልጅ ጎን ኖራ ነው፣ እንደ በረድ፤
አጥቂውማ ንጹሕ፣ የሙሽራ አልጋ ልብስ፣
ኳሷ እስክትመጣ ቆሞ ነው የሚያለቅስ።

የኒቨን ካርስዌል ግን፣ የስምንት ቁጥሩ፣
ደረት የለው፣ ጀርባ የለው፣ አይለይ ከአፈሩ።
ሁለት ጊዜ ባጥበው፣ ሦስት ጊዜ ባሸው፣
የመሃል ክቡን ሸክላ እንደያዘ ነው።

በአሥራ ስድስት ዓመቱ፣ ከዓሣው ገበያ፣
የበረዶ ሣጥን ሲያራግፍ ውሎ በዚያ፣
እጁ ቅርፊት ለብሶ ሲመጣ አየሁት፤
"ምን ትችላለህ?" ብለው ሲጠይቁት
"አቀባይ ነኝ" አለ፤ ሌላ ቃል አልወጣው፤
ጠዋት ዓሣ ለጋሪ፣ ማታ ኳስ ለሚመታው።

አሥራ አንድ ክረምት፤ አራት መቶ ስድስት ጨዋታ፤
ያገባው አንድ ጎል፤ እሱም ከቅልጥሙ ነጥራ ገብታ፤
በረኛውን ይቅርታ ጠየቀው፣ በዝናብ፣ በማታ።

"አማካይ ነው" አሉት። ልክ ብለዋል፣ ይበሉ።
ከላይ ስሙ የለም፣ ከታችም፤ ከመሃሉ፣
ተከላካይ ሲጮህ፣ አጥቂ ሲያኮርፍ፣
በሁለቱ ኩርፊያ መካከል ሲከንፍ።

እኔ ከሥር ሆኜ በጆሮ ነው የማውቀው፤
ጣሪያዬ ሲደለቅ ሌላ ነው የያዘው፤
ጣሪያዬ ጸጥ ካለ፣ ሺ ሰው ትንፋሹን ሲውጥ፣
ያኔ ኒቨን ይዟታል፤ ለማን እንደሚሰጥ
ቀና ብሎ እያየ ነው።

ከዚያ እንግሊዝ ገዛው። መኪና ላኩለት።
ዘጠኝ ወር በጋዜጣ፣ ከገጹ ግርጌ፣ አየሁት፤
ተቀያሪ ወንበር ላይ፣ ጸጉሩ የተበጠረ፣
ማልያው ነጭ፣ ጉልበቱ ነጭ። ሆዴ ተሸበረ።
አጣቢ ሆኜ ሳለሁ ንጽሕናን ጠላሁ።

በጥር ተመለሰ፣ ያለ ወሬ፣ በባቡር፤
አንድ ሻንጣ፣ አንዲት ልጅ፤ ስለ ሚስቱ አይናገር።
ከቢሮው በፊት እኔ ጋ ገባ።
"ስምንቱን ለሌላ ሰጣችሁት?" አለኝ።
"ለሁለት ሰው" አልኩት፤ "ሁለቱንም ሰፋቸው።"

ደግሞ አራት ዓመት። በሠላሳ ሦስቱ ጉልበቱ ከዳው፤
የቀኙ ቀድሞት ሄደ፣ ግራው ተከተለው።
ሰው "ሜዳ ላይ ቀረሁ" ብሎ ያለቅሳል፤
እሱ ሜዳ ላይ መቅረት አምሮት ነበር፣
አልተፈቀደለትም።

አሁን ጨው ይበትናል። ውርጭ በወረደ ሌሊት፣
ከወደቡ እስከ ድልድዩ፣ በትልቁ ቢጫ መኪና፣
የመንገዱን መሃል ይዞ ይሄዳል፣ ያያል ግራ ቀኝ፤
ማለዳ ተማሪው ሳይወድቅ፣ አሮጊቷ ሳትንሸራተት
ይሻገራሉ፤ ያልወደቀ ሰው
ማን እንዳላዳለጠው አይጠይቅም።

የመጨረሻዋን ማልያ ለማስታወሻ ሰጡት።
ኩራቱ ነው መሰል፣ ራሱ ሊያጥባት ወሰዳት፤
ከልጁ ቀይ ካልሲ ጋር አንድ ላይ ነከራት።

በሳምንቱ በሬ ላይ ቆመ፣ አንገቱን ደፍቶ፤
ሮዝ፣ እንደ ሕፃን ልጅ ጉንጭ፣ ማልያዋን ዘርግቶ፦
"ሴንጋ፣ ይለቃል ወይ?"

ወደ መስኮቱ አስጠጋኋት። ቁጥሯ ደብዝዟል።
ከብብቷ በታች፣ ከስፌቷ ውስጥ፣
ያ ሸክላ፣ እንዳለ ነው፣ ቡናማ፣ እንደ ክር ቀጭን።
"ቀለሙ አይለቅም" አልኩት፤ "ጭቃውም አልለቀቀ።"

ሳቀና ከሹራቡ በላይ ለበሳት፤
ጨው ሊበትን ሄደ።