«ትመስልሻለች»

ዳቶ ነው ቤታችን፣ ከወፍጮ ቤቱ ወዲያ፤
ሁለት ፍራሽ ለአራት ሰው፣ አንድ ምስማር ለልብስ መስቀያ።
ጸሐይነሽ ከቦዲቲ፣ ሸምሲያ የሃላባ ልጅ፣
እኔና ዱካሌ ከለኩ፣ ከአንድ ትምህርት ቤት ደጅ።
ለማናውቀው አንገት ቀኑን ሙሉ ኮሌታ እንሰፋለን፤
ማታ አምስት አምስት ብር አዋጥተን የሌሊት ጥቅል እንገዛለን።

ከሌሊቱ ስድስት ሲል ዳታው ይረክሳል፤
ያኔ አገር በሙሉ ክፍላችን ይደርሳል፣
በዱካሌ ስልክ፣ መስታወቱ በተሰነጠቀው፣
የእጩውን ሁሉ ፊት ካፍንጫው በላይ ለሁለት በሚከፍለው።

ሸምሲያ ቲክቶክ ታምናለች፦ «ፊቱን እያየሁት እንዴት ይዋሸኛል?»
ጸሐይነሽ ወንድሟን፦ «ዲላ ዩኒቨርሲቲ ነው፣ እሱ ይነግረኛል።»
ዱካሌ ቴሌግራም ላይ አሥራ ዘጠኝ ቻናል አላት፤
ሁሉም «ሰበር ዜና» ነው፣ አንድም ወጌሻ የለበት።
እኔ ደግሞ ከባጃጅ፤ ከአቶቴ እስከ ፓርኩ በር፣
በአሥር ብር ሙሉ ትንታኔ፤ መልስ ስጠይቅ ግን «የለኝም ዝርዝር»።
አከራያችን ጋሽ ሌዳሞ ማለዳ ሬዲዮ ይከፍታሉ፤
በሲዳሙ አፎ ሰምተው፣ በአማርኛ ሰምተው፣
በሁለቱም «እህ!» ይላሉ።

ምርጫው አራት ቀን ሲቀረው፣ ሐሙስ ሌሊት፣
ዱካሌ ቀሰቀሰችኝ፦ «ተነሺ! ከተማው ሰልፍ ወጥቷል በድንገት!»
ፎቶው ሺህ ሰው ያሳያል፤ ከታች ጽሑፉ በቀይ፦
«ሐዋሳ አሁን! ወጣቱ ድምፁን አሰማ አደባባይ!»
ሰባት ሺህ ሰው አጋርቶታል። አንዱ ያለቅሳል፣ አንዱ ይስቃል፤
አንዱ «በሏቸው!» ይላል፤ አንዱ የማን እጅ እንዳለበት ያውቃል።

ስልኩን አቀረብኩት። በሁለት ጣቴ ዘረጋሁት።
ከግንቡ አጠገብ አረንጓዴ ሻሽ አየሁ።
የኔ ሻሽ ነው።
የምሳ ዕቃዬ ነው፣ ክዳኑ በላስቲክ የታሰረው።
አፌን የከፈትኩት ለመፈክር አይደለም፤
እያዛጋሁ ነው።

አምና ጥቅምት ነበር፣ የከሰዓቱ ሺፍት ሲለቀቅ፣
ወደ ሰርቪስ ስንሮጥ፣ ወንበር እንዳያልቅ።
ካሜራ የያዘ አንድ ፀጉረ ልውጥ በሩ ላይ እንደነበር አስታውሳለሁ፤
«ፈገግ በሉ» ብሎን ነበር። እኔ እንቅልፍ ይዞኝ አዛጋሁ።

ከሥሩ ጻፍኩ፦ «ይቺ እኮ እኔ ነኝ፤ ወደ ቤቴ ስሄድ ነው የተነሳሁት።»
መልሱ መጣ፦ «ተከፋይ! የውሸት አካውንት!» ሁለት ጊዜ አነበብኩት።
ስለ አካውንቱስ እውነቱን ነው፤ በዱካሌ ስም ነበር የጻፍኩት።
ሌላው፦ «እሺ፣ አንቺ ከሆንሽ በምን ታረጋግጫለሽ?»
ሻሼን ላሳየው? ላስቲኩን? ማዛጋቴን? አንቺ ብትሆኚ ምን ትያለሽ?
ዱካሌ እንኳ ፎቶውን አየች፣ እኔን አየች፣ ፎቶውን አየች፤
«ትመስልሻለች» አለች።

ሰኞ ገና ሳይነጋ እኛም ሰልፍ ወጣን፤
ይኼኛው እውነተኛ ነው፣ በትምህርት ቤቱ ጭቃ ላይ ቆምን።
ታቦር ጭጋጉን አላወለቀም። ስልክ በር ላይ አስረከብን፤
ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ሌላ የሚታይ ስለሌለ፣ እርስ በርስ ተያየን።
ከፊቴ የቆመች ነፍሰ ጡር «ውሃ ወደኛ የሚመጣው ማክሰኞ ሌሊት ብቻ ነው» አለች፤
ከኋላ አንዷ «እድለኛ ነሽ» ብላ ሳቀች።
ዓሣ አስጋሪው ልጅ ሐይቁ የአባቱን ጎጆ ደፍ እንደነካ ነገረን፤
ማንም «ሰበር» አላለውም። ማንም አላጋራውም።
ሰማን።

ከምልክቶቹ ግማሹን ከቴሌግራም፣ ግማሹን ከባጃጅ መስታወት አውቃቸዋለሁ፤
ስለ አንዱ እንኳ በእርግጥ የማውቀው ምንድነው? ብዬ ትንሽ ቆሜያለሁ።
እስክሪብቶው በክር ታስሯል፣ እንደኔ ምሳ ዕቃ።
ምልክት አደረግኩ። የቱ ላይ እንደሆነ፣ እሱ ይቅር በቃ።

ስንመለስ ፀሐይ ወጥታለች፤ የጠዋት ሺፍት አልፎናል።
አቶቴ ጋ ስንደርስ ማዛጋት መጣብኝ።
በቀለም በጠቆረው እጄ አፌን ሸፈንኩ፣
ዞር ዞር ብዬም አየሁ፣
ካሜራ የያዘ ሰው ይኖር ይሆን ብዬ።