የሐረጎ ሰላምታ

ከደሴ ኮምቦልቻ፣ ከኮምቦልቻ ደሴ፣
ዘጠኝ ዓመት ነዳሁ፤ አንድ ወንበር ለራሴ፣
አራቱ ላቧራ፣ ለያዝኩት ጋዜጣ፣
ጧት ቁልቁል ስወርድ፣ ማታ ሽቅብ ስወጣ።
ዲኤክሷ አርጅታ ዘይት ትጠጣለች፣
የጠጣችውን ግን ወደኋላ ትተፋለች፤
በየማለዳው የምወለውለው የፊት መስታወቱን ነው፤
የኋላው ነገር የኋለኛው ሰው ነው።

ሐረጎ፣ ሦስተኛው ጥምዝ ላይ፣ ድንጋይ ተደግፋ፣
በክረምት በለሱን፣ በበጋ ቆሎውን በጣሳ አሰልፋ፣
አንዲት ሴት አለች።
እኔ ብቅ ስል፣ አንዲት ቀን ሳትስት፣
የነጠላዋን ጫፍ ወደ ፊቷ ታነሳለች፣ እጅ እንደ መንሳት።
እኔም ክላክስ ነፋሁ፣ ባጭሩ፣ በትሕትና፣
የወሎ ልጅ ሰላምታ ተበድሮ አያድርምና።

ደግሞም አልፎ አልፎ
ጋሽ አበጋዝ ይመር በሳይክሉ ተንሳፎ፣
ከጨርቃ ጨርቁ ፋብሪካ በጡረታ የወጣ፣
ፔዳሉን ሳይነካ እንደ አሞራ ሲመጣ፣
ቀድሜው አልፋለሁ፤
ማታ፣ ሳይክሉን አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ጠፍሮ ሲወጣ አየዋለሁ።
«ቁልቁለት የአላህ ነው» ይላል፣ «ሒሳብ የለበትም፤
ዳገትን ግን ብቻውን የሚወጣ ጤና የለውም።»

በሐምሌ አንድ ሰሞን ቤንዚን ጠፋ ተባለ፤
ሰልፉ ከማደያው ሰኞ ገበያ ድረስ ተጥመለመለ።
ሁለት ሌሊት መኪና ውስጥ አደርኩ፤ በሦስተኛው
መስኮቴን አንኳኳ ሽማግሌው።
«ነዳጅ ያለቀው ለመኪናህ ነው፣ ወይስ ለእግርህም?»
መልስ አልነበረኝም።
«አብሽር፣ ቁልቁለቱ ራሱ ይወስድሃል» አለኝ።
ወሰደኝ።

ወረድን፤ እሱ ለእኔ ሲል ሳይክሉን እየገፋ፣
የቦርከና ጉም ከሥር ተነስቶ ሲሰፋ።
ያን ድልድይ በመኪና አራት ሺህ ጊዜ ተሻግሬዋለሁ፤
ሥሩ ውኃ እንዳለ የዚያን ቀን ሰማሁ።
ደስ አለኝ ብዬ ግን አልዋሽም፤
ግማሹ መንገድ እርግማን ነበር፤ ተረከዜ ተላጠ፣
ጫማዬ ለእግር አልተሰፋም።

ሦስተኛው ጥምዝ ጋ ደረስን። ሴትዮዋ አለች።
ነጠላዋ ትከሻዋ ላይ፤ ንቅንቅ አላለች።
በለስ ልጣ በቢላዋ ጫፍ ዘረጋችልን፤
እሾሁ ጣቷ ላይ ቀርቶ ጣፋጩ ደረሰን።
ሰላምታዬን ጠበቅሁ። የለም። ቅር አለኝ።
«ዛሬስ ምነው» አልኳት፣ «ነጠላሽን ነፈግሽኝ?»
«የምን ነጠላ?» ብላ ቃሏን ሳትጨርስ፣
ከታች አንድ ኢሱዙ እያለከለከ ጥምዙ ጋ ሲደርስ፣
ያን ጫፍ አነሳችው፤
አፍና አፍንጫዋን ከደነችበት፣
የቀረውን ደግሞ በበለሱ ላይ ጣለችው።

ጭሱ ቀስ ብሎ አለፈ፤
እጄ ላይ ያለው በለስ ብቻ ሳይሸፈን ተረፈ።
«ይሄስ ይሻላል» አለች፣ ዓይኗን ከጥምዙ ሳትነቅል፣
«አንድ ነጭ ዲኤክስ አለ እንጂ፣
አጭሶብን ሲያበቃ ጥሩንባ የሚነፋ፣ የሚስቅብን ይመስል።»
ጋሽ አበጋዝ ጎንበስ ብሎ የሳይክሉን ሰንሰለት መመርመር ያዘ።
እኔ ፍሬውን ዋጥሁ፤
ዘሩ ጉሮሮዬ ላይ እንደ ጠጠር ተያዘ።

ስሟ ጦይባ ነው። ዛሬ የምሄደው በአውቶቡስ፣
ጆንያ እግሬ ሥር፣ የማላውቀው ሕፃን ትከሻዬ ላይ ሲያለቅስ፣
ከጣሪያው ላይ የአበጋዝ ሳይክል ሲንኳኳ።
ቅዱስ ሆነ አትበሉኝ፤ አንዳንዴ ሲመሽብኝ፣ ዝናብ ሲያሳድደኝ፣
ዲኤክሷን አስነስቼ እወጣለሁ፤
ያኔ ሦስተኛው ጥምዝ ጋ እጄን ከክላክሱ ላይ አነሳለሁ፣
መስታወቱን ግን አያለሁ፤ የኋላውን።

አውቶቡሱም ያጨሳል፤ አልደብቅም።
ጦይባም ድምፁን ስትሰማ ጫፉን ታነሳለች፤
ለስልሳችን አንዴ፣
ከዚያ ታወርዳለች።