ሲደመር ሲቀነስ

ጉም ከጦሳ ወርዶ፣ ደሴን ሲያለብሳት፣
መብራትም እንደ ልማዱ፣ በጊዜ ሲርቃት፣
ላፕቶፔ ላይ የቀረች፣ ሠላሳ በመቶ ባትሪ፣
በእሷ ተማምኜ አመሸሁ፣ እኔ ግጭት ቆጣሪ።

ሥራሽ ምንድን ነው ለሚለኝ፣ ለሰፈሬ ሰው፣
ከየት ልጀምርለት? ምን ብዬ ልንገረው?
ባሕር ማዶ፣ ከምድር ሆድ፣ አንድ ቀለበት ተቀብሯል፤
ቢዘረጋ፣ ከፒያሳ ተነስቶ ኮምቦልቻን ያልፋል፤
በዚያ ውስጥ ፕሮቶን ከፕሮቶን፣ ግንባር ለግንባር ይላተማል፤
ከመቶ ሚሊዮን ግጭት በአንዱ፣ ቶፕ ኳርክ ከነጥንዱ ይወለዳል፤
ሲከብድ የወርቅ አቶም ሊያህል፣ ዕድሜው ግን ምንም አይሞላ፣
«መጣ» ሳንል ያልፋል፣ ሳያርፍ እንኳ የራሱ ጥላ።

ማን አይቶት ያውቃል እሱን? የምናየው ስባሪ ነው፤
እዚህ የተፈናጠረው፣ እዚያ የተበተነው፤
ከግጭቱ ጥቂት ሚሊ ሜትር፣ ርቆ ሄዶ የፈነዳ፣
አንድ ኤሌክትሮን ብቻውን፣ እንደ መሸበት እንግዳ።
ደግሞ የጠፋ አለ፦ ስባሪው ሁሉ ቢደመር፣
ወደ አንድ ጎን ያጋድላል፤ በሌላው ጎን ምን ነበር?
ሳይነካ ሳይታይ የወጣ፣ ኒውትሪኖ የሚሉት፣
በሌለበት የሚቆጠር፣ በጉድለቱ የሚያውቁት።

አለቆቼ ማዶ ሆነው፣ «ስህተቱን አጥብቢው» ይላሉ፤
ጠባብ ስህተት ያምራል፣ ሰዎች በእሱ ይምላሉ።

ይህን ትምህርት ግን መጀመሪያ፣ ከመጽሐፍ አላገኘሁትም፤
ሐረጎ ቁልቁለት ላይ ነው፣ ዘጠኝ ዓመትም አልሞላኝም።
አባቴ ሳጅን ይመር፣ ትራፊክ ፖሊስ ሳለ፣
እናቴ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል አዳሪ፣ ቤት ማንም የለ፣
ከሞተሩ ኋላ ጭኖኝ፣ በካፖርቱ ጠቅልሎ፣
ወረደ ወደ ግጭቱ፣ ጉሙን በመብራት ፈልፍሎ።

አይሱዙና አውቶቡስ። ናፍጣ፣ የጋለ ፍሬን ሽታ፣
የቆቦ ሽንኩርት በየቦዩ፤ የአንዲት ሴት ቀጭን ኡኡታ።
«ያዢ» አለኝ የሜትሩን ዜሮ፣ «ከዚህ ከጥቁሩ መስመር ጫፍ፤
እንዳትነቃነቂ።» ጉም ዋጠው፣ ሜትሩን እየዘረጋ ሲያልፍ፤
ድምፁ ብቻ ተመለሰ፦ «ሠላሳ አንድ!» ጻፈ፣
ስባሪ መስታወቱን በባትሪ፣ እያበራ አለፈ።
«ሁሉም ወደ ገደሉ በረረ፤ ይቺ አንዷ ሸበጥ
ለምን በዳገቱ ወገን? ሰው ጎድሏል። እዚያ ፈልጉ።»
ሲነጋ ረዳቱ ተገኘ፣ ከቁጥቋጦ ሥር፣ በሕይወት፣
ማንም ሳያየው የተቆጠረ፣ በአንድ ጫማ ጉድለት።

ዛሬ ጡረተኛ ነው። ሻማውን ወደ እኔ ገፋ አድርጎ፣
«ስንት ሆነ?» አለኝ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ።
ነገርኩት። ከጎኑ ያለውንም፣ ሲደመር ሲቀነስ።
«እሱስ ምንድን ነው?» «የማናውቀው ልክ ነው፤ መሣሪያው ሲያነክስ፣
ቆጠራው ሲያንስ፣ ሐሰተኛው እውነተኛ ሲመስል፣
ያን ሁሉ እዚህ እንጽፋለን፣ ከቁጥሩ እኩል።»

ዝም አለ። ረጅም ዝምታ።
«በእኛ ቅጽ ላይ እንዲህ ያለ ሳጥን አልነበረም» አለ።
«ሠላሳ አንድ ብዬ ጻፍኩ፤ ዳኛው በሠላሳ አንድ ፈረደ።
ሃያ ስምንት ቢሆን ኖሮ፣ ፍጥነቱ በልኩ ነበረ፤
አበጋዝ፣ የአይሱዙው ሾፌር፣ ሦስት ዓመት ታሰረ።
ሜትሩ የጨርቅ ነው፣ ይላላል፤ አስፋልቱም ረጥቦ ነበር፤
ዜሮውን የያዘችውም እጅ…»
አልጨረሰውም።

እጄን አየሁት። ያን ሌሊት ብርዱ አጥንቴን ሲነካኝ፣
የሞተሩ መብራት ከኋላዬ ሙቀት ያለው መስሎኝ፣
ሦስት እርምጃ ወደ እሱ ፈቀቅ ብዬ ነበር፤
ዜሮውም አብሮኝ።
እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም።

አራት በመቶ ባትሪ። ላጠበው የነበረውን ስህተት
እንደ ሰፋ ተውኩት።
ስክሪኑ ጨለመ። ያን ጊዜ ከሐረጎ በኩል፣ ከጉሙ ውስጥ፣
የከባድ መኪና ፍሬን ሲያቃስት ሰማን፤
ድምፁ እስኪቆም ድረስ
ሁለታችንም በልባችን ሜትር እንቆጥር ነበር።